ጥሩ ቺዝ ከባለሙያ ሻጭ ጋር ተመካክሮ ስለመግዛት፦ ዝርዝር መመሪያ

ቅቤ መግዛት የሚያውቅ ሰው ቺዝ መግዛት አያቅተውም። ገበያ ወርዶ ቅቤ የሚገዛ ሰው ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ በሳል ብሎ ይጠይቃል፤ ከየት እንደ መጣ ያጣራል፤ ሻጯ ቆንጥራ የምትሰጠውን ያሸታል፣ ይቀምሳል፤ ለወጥ ይሁን ለአናት፣ ለምን እንደሚፈልገውም አስቀድሞ ይናገራል። ደንበኝነቱ የቆየ ከሆነ ደግሞ ሻጯ ራሷ «የዛሬውን ተወው፣ ሐሙስ የተሻለ ይገባልኛል» ትለዋለች። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ቺዝ ብቻ በሚሸጡ መደብሮች ያለው አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን በውጭ አገር ዓመታት ኖረን እንኳ ወደነዚህ መደብሮች አንገባም። የተደረደረው ቺዝ ብዛት፣ የስሞቹ እንግዳነትና በካርዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ስለሚያስፈራን፣ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ በፕላስቲክ የታሸገውን አንስተን እንመለሳለን። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያንን ደጃፍ ለመሻገር ለሚፈልግ ሰው ነው። የምኖረው ለንደን ስለሆነ ምሳሌዎቼ በብዛት ከዚያ ናቸው፤ አካሄዱ ግን በፓሪስም ሆነ በኒው ዮርክ ያው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ልናገር። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ በእሳት ሙቀት ብቻ የሚለይ፣ ሌላ ማርጊያ የማያስፈልገውና በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚበላ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ቺዝ» የምለው ወተቱ ሬኔት በተባለ ማርጊያ ረግቶ፣ አጓቱ ተጨምቆ፣ ጨው ገብቶበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ለሳምንታት፣ ለወራት ወይም ለዓመታት የከረመውን ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የከረመ ነገር በየቀኑ ይለወጣል፤ ዛሬ ያልደረሰው ከሳምንት በኋላ ይደርሳል፣ ዛሬ የደረሰው ከሳምንት በኋላ ያልፍበታል። ስለዚህ በዝና የታወቀ ስም ይዞ ከመሄድ ይልቅ ዛሬ በባንኮኒው ላይ ካሉት ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኘው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይበልጣል። ይህንን የሚያውቀው ደግሞ ሻጩ ነው፤ ድፍኑን ቺዝ ከአምራቹ ተረክቦ፣ ቀዝቃዛና እርጥበት ባለው ክፍል አስቀምጦ፣ እያገላበጠና እየቀመሰ ያቆየው እሱ ነውና።

ይህ ሙያ በብሪታንያ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በቅርብ ጊዜ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ወተቱን ወደ አንድ ዓይነት የራሽን ቺዝ ስላዞረው፣ በየእርሻው ይሠሩ የነበሩ ብዙ ዓይነቶች ጠፍተዋል፤ ራሽኑ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በለንደን ኮቨንት ጋርደን እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው ኒልስ ያርድ ዴይሪ ከየእርሻው እየዞረ፣ እየቀመሰና እየመረጠ በመሸጥ የተረፉት አምራቾች ገበያ እንዲያገኙ ትልቅ ድርሻ አበርክቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 አጭበርባሪዎች የታወቀ ድርጅት ወኪል መስለው ከዚህ መደብር 22 ቶን ያህል ቼዳር የተባለውን የእንግሊዝ ጠንካራ ቺዝ ሲወስዱ፣ መደብሩ ኪሳራውን ራሱ ችሎ ለአምራቾቹ ሙሉ ክፍያቸውን ሰጥቷል። በሻጩና በገበሬው መካከል ያለው ዝምድና ምን ያህል የጠበቀ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ስለ አንድ ቺዝ ሲጠይቁ የሚሰጥዎት መልስ የሚመነጨውም ከዚሁ ዝምድና ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ከቤት ሳይወጡ የሚወሰኑ ነገሮች

ሻጩ ሊረዳዎት የሚችለው እርስዎ በሚነግሩት ልክ ነው። ስለዚህ ቺዙ መቼ እንደሚበላ፣ ስንት ሰው እንደሚበላው፣ ከምን ጋር እንደሚቀርብና ከተመጋቢዎቹ መካከል የማይበላ ነገር ያለው ሰው መኖሩን አስቀድመው ያስቡ። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው ሳይናገር የሚቀረው የመጀመሪያውን ነው። እኔ ራሴ ለእሑድ እንግዶች ብዬ ረቡዕ ዕለት በጣም የደረሰ ለስላሳ ቺዝ ገዝቼ ነበር፤ መቼ እንደሚበላ ሻጩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እሑድ ወረቀቱን ስፈታው የሚቆረቁር የአሞኒያ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ መካከሉ ውኃ ሆኖ ፈስሷል። «የሚበላው እሑድ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ትንሽ ያልደረሰውን ይሰጠኝ ነበር።

ለሚጾም ሰው ይህ ጉዳይ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ ስለማይበላ፣ ለስላሳ ቺዝ ገዝቶ በእነዚህ ቀናት መካከል ለመጨረስ ሒሳብ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ማታ ወይም ሐሙስ ማታ ከመግዛት ቅዳሜ ጠዋት መግዛት ይሻላል፤ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ተከታታይ አራት የፍስክ ቀናት ናቸውና። ከዐቢይ ጾም በፊት ደግሞ ትልቅ ቁራጭ አይግዙ፤ 55 ቀን በቤት ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ቁራጭ፣ ጠንካራም ቢሆን፣ ሲገዛ የነበረው አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለእኛ ሰው በተለይ ሊነገር የሚገባው ነው። በባህላዊ መንገድ የሚሠራ ቼዳር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይከርማል፤ ጨርቁም ቺዙ እንዳይደርቅ በብዙ አምራቾች ዘንድ በአሳማ ስብ ይቀባል። ስቡ የሚቀባው በውጭ ቢሆንም የአሳማ ነገር የማይነካ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤላዊ ይህንን ማወቅ አለበት። በቅቤ የሚቀቡ አምራቾችም ስላሉ «ጨርቁ በምን ተቀብቷል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢና የተለመደ ጥያቄ ነው። ሬኔትም እንዲሁ ነው። ባህላዊው ሬኔት የሚወጣው ገና ወተት ከሚጠባ ጥጃ ጨጓራ ሲሆን፣ ለምሳሌ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው የጣሊያን ጠንካራ ቺዝ በደንቡ መሠረት ያለ እሱ አይሠራም። በሌላ በኩል ከረቂቅ ተሕዋስያን በሚገኝ ማርጊያ የሚሠሩ ብዙ ቺዞች አሉ፤ እንደ ሴራ ዳ ኢሽትሬላ ያሉ የፖርቱጋል የበግ ወተት ቺዞችም የሚረጉት በአንድ እሾሃማ ተክል አበባ ነው። ቅርፊታቸው በአልኮል የሚታጠቡም አሉ፤ በፈረንሳይ የቡርጎኝ ክልል የሚሠራው ኤፗስ ከወይን ግርድ በሚወጣ አረቄ ይታጠባል። ኮሸር የተባለውን የአይሁድ የምግብ ሥርዓት ለሚጠብቅ ሰው የሻጩ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ማኅተሙን ማየት ይኖርበታል።

ነፍሰ ጡር ሴት በቤት ካለች ይህን በግልጽ ይናገሩ። እንደ ብሪና ካማምበር ያሉት ነጭ ሻጋታ የለበሱ ለስላሳ ቺዞችና በውስጣቸው ሰማያዊ ሻጋታ ያለባቸው ለስላሳ «ሰማያዊ ቺዞች» እርጥበታቸው ከፍተኛ ስለሆነ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ሊያድግባቸው ይችላል፤ ወተቱ ፓስቸራይዝድ፣ ማለትም ጀርሞቹ እንዲሞቱ በሙቀት የታከመ ቢሆን እንኳ እንፋሎት እስኪወጣው ካልበሰለ በስተቀር እንዳትበላው የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ይመክራል። እንደ ቼዳርና ፓርሚጃኖ ያሉ ጠንካራ ቺዞች ግን ይፈቀዳሉ። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚረበሽ ሰው በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ሳያስፈልግ ከቺዝ ይርቃል። በጠንካራና ለረጅም ጊዜ በከረመ ቺዝ ውስጥ የወተቱ ስኳር ከአጓቱ ጋር ወጥቶ፣ የቀረውንም ባክቴሪያዎቹ በልተውት ስለሚያልቅ፣ ችግሩ ላክቶስ ብቻ የሆነ ሰው ሁለት ዓመት የከረመ ፓርሚጃኖ ወይም ኮምቴ የተባለውን የፈረንሳይ ጠንካራ ቺዝ ያለ ችግር ሊበላ ይችላል። የወተት አለርጂ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አለርጂ ላለበት ሰው ማንኛውም ቺዝ አይሆንም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሰዓቱንና ወቅቱን መምረጥ

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሻጩ ከእርስዎ ጋር የሚቆይበት ጊዜ አይኖረውም። የሥራ ቀን ጠዋት ወይም ቅዳሜ መደብሩ እንደ ተከፈተ ይሂዱ።

ወቅቱንም ያስቡ። ፍየሎች በተፈጥሯቸው በአውሮፓ ክረምት ማብቂያ ላይ ወልደው፣ በጸደይ ለምለም ቅጠል ሲያገኙ ወተታቸው ይበረክታል፤ ትኩስ የፍየል ቺዝ በጣም የሚጥመውም ያን ጊዜ ነው። ይህ ከእኛ ፋሲካ ጋር ይገጥማል። ጾሙን በሥጋና በቅቤ ብቻ ከመግደፍ ጎን፣ ለመፈሰኪያ ገበታ ነጭ፣ ለስላሳና ሎሚ ሎሚ የሚል የፍየል ቺዝ ማቅረብ የአይብን ቦታ በጥሩ ሁኔታ እንደሚተካ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አይቻለሁ። በዝግባ መሰል ዛፍ ልጥ ታጥቆ በእንጨት ሳጥን የሚሸጠው የፈረንሳዩ ሞን ዶር ደግሞ የሚሸጠው ከመስከረም እስከ ግንቦት ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ስም ከመጥራት ይልቅ «በዚህ ሰሞን የሚጥመው የትኛው ነው?» ብለው ይጀምሩ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ባንኮኒው ፊት ንግግር መክፈት

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው፤ አላውቅም ማለት የሚያሳፍር ይመስለዋል። ሻጩ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያደርግ የሚውለው የማያውቅን ሰው ማስረዳት ነው፤ በሥራው የሚደሰት ባለሙያም ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ይህንኑ ነው። የሙያ ቃላት አያስፈልጉዎትም። የሚወዱትን ሌላ ምግብ መናገር ይበቃል። «እርጎ እወዳለሁ፤ ኮምጠጥ ያለ ነገር ደስ ይለኛል»፣ «ጨው የበዛበት አልወድም»፣ «ለውዝ ለውዝ የሚል ጣዕም እወዳለሁ»፣ «ሽታው ከባድ ሲሆን አልችልም» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ለሻጩ ከማንኛውም የቺዝ ስም የበለጠ ይነግሩታል። ቀድሞ የበሉትና የወደዱት ቺዝ ካለም፣ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ቢሆንም፣ ስሙን ይንገሩት።

ለአገራችን ሰው አንዳንድ መነሻ ልጠቁም። አይብ የሚወድ ሰው በትኩስ የፍየል ቺዝ፣ በፌታ ወይም ካይርፊሊ በተባለው የዌልስ ቺዝ ቢጀምር አይቸገርም። የካይርፊሊ መካከሉ የሚፈረፈርና እርጎ እርጎ የሚል፣ ወደ ቅርፊቱ ሲጠጉ ደግሞ እንጉዳይ የሚሸትና ክሬም የሚመስል ስለሆነ፣ በአንድ ቁራጭ ውስጥ መክረም ምን እንደሚያመጣ ያስተምራል። ከላንክሻየር የሚመጣው ባህላዊ ቺዝም በአፍ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚሟሟ ፍርፍር ነው። በሳል ቅቤ የሚወድ፣ ሽታውም የማያስቸግረው ሰው ደግሞ ሰማያዊ ቺዞችንና ቅርፊታቸው በጨው ውኃ የታጠበ ብርቱካናማ ቺዞችን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም፤ በዚህ ረገድ ምላሳችን ከምናስበው በላይ የተዘጋጀ ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ መቅመስ

ሳይቀምሱ አይግዙ። በደህና መደብር ሻጩ ራሱ ቆርጦ ያቀምስዎታል፤ ካላቀመሰም «ልቅመሰው?» ብለው ይጠይቁ። የሚሰጥዎት ስስ ልጣጭ ነው። ወዲያው አይዋጡት። በጣትዎ መካከል ትንሽ ያሙቁት፣ ያሽትቱት፣ ከዚያ በአፍዎ ቀስ ብለው እያላመጡ በአፍንጫዎ ተንፍሱ፤ አብዛኛው ጣዕም የሚታወቀው በዚህ ትንፋሽ ነው። ከዋጡት በኋላ ደግሞ ጥቂት ይጠብቁ። ጥሩ ቺዝ ከተዋጠ በኋላም መናገሩን ይቀጥላል፤ መጀመሪያ ጨውና ኮምጣጣ፣ ቀጥሎ ጣፋጭ፣ መጨረሻ ላይ ሥጋ ወይም የሽንኩርት መረቅ የሚመስል ነገር ሊመጣ ይችላል። አሞኒያ ወይም መራራ ነገር ብቻ ምላስዎ ላይ ከቀረ ያንን ቁራጭ ይተዉት።

ከለስላሳው ጣዕም ወደ ብርቱው ይሂዱ፤ ሰማያዊውን መጨረሻ ያድርጉት። ከአራት ወይም ከአምስት በላይ መቅመስ ምላስን ያደክማል። የቀመሱትን ሁሉ የመግዛት ግዴታ የለብዎትም፤ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ማለት ግን ሻጩን ያሳስተዋል። እኛ ሰው ፊት የቀረበልንን መንቀፍ ይከብደናል፤ እዚህ ግን «ይህ ለእኔ ጨው በዛበት» ማለት ነቀፌታ ሳይሆን መንገድ ማሳየት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በለንደን አንድ መደብር ያየሁትን ላካፍል። ቼዳር ፈልጌ ስሄድ ሻጩዋ ሁለት ልጣጮች በወረቀት ላይ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ሁለቱም ከአንድ እርሻ፣ በአንድ ወር ውስጥ የተሠሩ ነበሩ። የመጀመሪያው የተቀቀለ ሥጋ መረቅ የሚመስል፣ ጠንከር ያለና ደረቅ ነበር። ሁለተኛው ጣፋጭ፣ እርጥበት ያለውና የተቆላ ለውዝ የሚያስታውስ። ልዩነቱ የተሠሩበት ቀን ብቻ ነበር። የዕለቱ ወተት፣ እርጎ የሚያደርገው የባክቴሪያ ዓይነት፣ የክፍሉ ሙቀትና የሠራተኛው እጅ በየቀኑ ስለሚለያዩ በጥሬ ወተት የሚሠራ የእርሻ ቼዳር እንዲህ ይለያያል። ለመደብሩ ቺዙን የሚገዙት ሠራተኞች እርሻው ድረስ ሄደው፣ ቀጭን ባዶ ብረት በድፍኑ ውስጥ ሰክተው፣ በብረቱ የሚወጣውን ዘንግ እየቀመሱ የትኛውን ቀን እንደሚወስዱ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቼዳር ስጠኝ» ብዬ አላውቅም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ጥያቄ ባለሙያውን ከተራ ሻጭ ለመለየትም ይረዳል። በመጀመሪያ ማን እንደሠራው ይጠይቁ። ለሚሸጠው ቺዝ የእርሻውን ወይም የአምራቹን ስም መናገር የማይችል፣ «የፈረንሳይ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሻጭ፣ ከአስመጪ ካርቶን ውስጥ አውጥቶ የሚቆርጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የወተቱን ዓይነት ይጠይቁ፤ የላም፣ የፍየል፣ የበግ ወይስ የጎሽ፣ ጥሬ ወይስ ፓስቸራይዝድ። ጥሬ ወተት በራሱ የጥራት ማረጋገጫ እንዳልሆነ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ስቲልተን የተባለው የእንግሊዝ ሰማያዊ ቺዝ በስሙ ለመጠራት በደርቢሻየር፣ በሌስተርሻየርና በኖቲንግሃምሻየር፣ ያውም በፓስቸራይዝድ ወተት መሠራት አለበት፤ ደህናው ስቲልተን ግን ከብዙ የጥሬ ወተት ቺዞች ይበልጣል። በአሜሪካ የጥሬ ወተት ቺዝ ለሽያጭ የሚቀርበው ቢያንስ 60 ቀን ከከረመ በኋላ ስለሆነ፣ የፈረንሳዩን የጥሬ ወተት ካማምበር በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ ባንኮኒ መፈለግ ድካም ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ዕድሜን የሚመለከት ሲሆን፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በዕድሜ የገፋው ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል፤ ዋጋውም በዕድሜው ስለሚጨምር ይህ እምነት ይጠናከራል። በምሥራቅ ፈረንሳይ ጁራ ተራሮች የሚሠራውን ኮምቴ እንውሰድ። በደንቡ ቢያንስ 120 ቀን መክረም አለበት፤ በባንኮኒ ላይ የ8፣ የ12፣ የ18 ወይም የ24 ወር ሊያገኙ ይችላሉ። የ8 ወሩ ቅቤና ትኩስ ወተት የሚል፣ በቀላሉ የሚቀልጥ ሲሆን፣ የ24ቱ ደረቅ፣ ጨዋማና የተቆላ ለውዝ የሚሸት ነው። ለልጆች ሳንድዊች ወይም በምጣድ ለማቅለጥ የ24 ወሩን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከዕድሜው ይልቅ ወተቱ የታለበው ላሞቹ መስክ ላይ ሣር ሲግጡ ነው ወይስ በበረት ድርቆሽ ሲበሉ ብሎ መጠየቅ አንዳንዴ የበለጠ ይናገራል። የመስክ ሣር የበሉ ላሞች ወተት ቺዙን ወደ ቢጫ ይወስደዋል፤ የድርቆሹ ገረጣ ያለ ነው። ፓርሚጃኖም እንዲሁ ነው። 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ድፍን ከ500 ሊትር በላይ ወተት ይጠይቃል፣ ከ12 ወር በፊትም ስሙ አይሰጠውም፤ ለፓስታ መፈቅፈቂያ የ24 ወሩ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የከረመውን በቁራጩ ለመብላት ያስቀምጡት።

መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ጥያቄ «እርስዎ ዛሬ ወደ ቤትዎ የሚወስዱት የትኛውን ነው?» የሚለው ነው። ሻጩ ጠዋት ሁሉንም ቀምሷል፤ ካርዱ ላይ ያልተጻፈውን እሱ ያውቃል። ይህን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቁሙኝ ውዱን ሳይሆን፣ በዚያ ሳምንት የደረሰና ማንም ልብ ያላለውን ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በዓይንና በአፍንጫ መመርመር

ሻጩን ማመን ጥሩ ነው፤ ዓይንዎንም ይጠቀሙ። ብሪንና ካማምበርን የመሰሉ ነጭ ሻጋታ የለበሱ ቺዞች የሚበስሉት ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። የተቆረጠውን ጎን ሲያዩ መካከሉ ላይ እንደ ኖራ ነጭ የሆነ መስመር ካለ ገና ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ገለባ መሳይ ቀለም ይዞ ዘንበል ካለ ደርሷል፤ ቅርፊቱ ቡኒ ሆኖ ከተሰነጠቀና ውስጡ ከፈሰሰ አልፎበታል። ለቅዳሜ ማታ የሚፈልጉት ሐሙስ ዕለት ቀጭን ነጭ መስመር የቀረበትን ነው።

በጠንካራ ቺዝ ላይ የሚታዩ ነጭ ነጠብጣቦች ብዙ ሰው ያሳስባሉ። ሲነከሱ የሚንኮሻኮሹት እነዚህ ነጠብጣቦች ፕሮቲኑ በጊዜ ብዛት ሲሰባበር የሚወጡ የታይሮሲን ቅንጣቶች ስለሆኑ የመክረም ምልክት ናቸው እንጂ ብልሽት አይደሉም። የሚያሳስበው የተቆረጠው ፊት መሰነጣጠቁ፣ ዳሩ መጥቆሩና እንደ ላብ የዘይት ጠብታ መያዙ ነው፤ ይህ ቁራጩ ከተቆረጠ መቆየቱን ይነግራል። እንዲህ ካዩ «ከድፍኑ አዲስ ይቁረጡልኝ» ይበሉ። በሰማያዊ ቺዝ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ደግሞ ድፍኑ በመርፌ ተወግቶ አየር በገባበት መንገድ የበቀለ ሻጋታ ናቸው፤ በሥሮቹ መካከል ያለው አካል ክሬም ቀለም ሊኖረው ይገባል፣ ግራጫ ወይም ቡኒ ከሆነ ይለፉት። ሽታ ብቻውን አያስፈራዎ። ቅርፊታቸው የታጠበ ቺዞች ከአፍንጫ ይልቅ ለአፍ የዋሆች ናቸው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ መጠን፣ ዋጋና መቁረጥ

ከምግብ በኋላ ለሚቀርብ ቺዝ ለአንድ ሰው ከ80 እስከ 100 ግራም በአጠቃላይ ይበቃል። ለስድስት እንግዶች በሦስት ዓይነት የተከፈለ 500 ወይም 600 ግራም መግዛት ነው። ሰባት ዓይነት ትንንሽ ቁራጭ ከመግዛት ሦስት ደህና ቁራጭ መግዛት ይሻላል፤ ትንሽ ቁራጭ ቶሎ ይደርቃል፣ ሰውም ሁሉን ቀምሶ አንዱንም ሳያውቀው ይነሣል። አንድ ጠንካራ፣ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ሰማያዊ ወይም የፍየል ቢሆን ሁሉም የሚወደውን ያገኛል።

ዋጋው የተጻፈው በኪሎ ስለሆነ አይደንግጡ። በኪሎ 30 ፓውንድ የሚል ካርድ ለ150 ግራም 4 ፓውንድ ከ50 ማለት ነው። በጀትዎን በግልጽ መናገር ነውር የለውም፤ «በ15 ፓውንድ ሦስት ዓይነት ያዘጋጁልኝ» ሲባል ሻጩ ሥራው ይቀልለታል። ቢላውን ቺዙ ላይ አሳርፎ «ይህን ያህል?» ሲልዎት፣ ከመቁረጡ በፊት ጠበብ ወይም ሰፋ እንዲያደርገው መንገር ይችላሉ፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ቁራጩ የእርስዎ ነው።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ቤት ከደረሰ በኋላ

ጥሩ ቺዝ የሚበላሸው በብዛት በገዢው ቤት ነው። በሚጣበቅ ፕላስቲክ አይጠቅልሉት፤ እርጥበቱ ተዘግቶ ያልበዋል፣ ጣዕሙም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። መደብሩ የጠቀለለበት ሰም የተቀባ ወረቀት ለዚሁ የተሠራ ስለሆነ መልሰው ይጠቀሙበት። ከዚያ በክዳን ዕቃ ውስጥ አድርገው በፍሪጁ የታችኛው የአትክልት መሳቢያ ያስቀምጡት። ቤታችን በርበሬ፣ ቅቤና ሽንኩርት የማይጠፋበት ስለሆነ ክዳኑ ግዴታ ነው፤ ቺዝ በዙሪያው ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ሰማያዊውን ለብቻው ያድርጉት፣ ሻጋታው ወደ ሌሎቹ ይዛመታልና። ጠንካራው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ለስላሳው የጥቂት ቀናት ዕድሜ ነው ያለው። በጠንካራ ቺዝ ላይ ያልነበረ ሻጋታ ቢወጣበት በዙሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቆርጦ መጣልና ቀሪውን መብላት ይቻላል፤ በትኩስና በለስላሳ ቺዝ ላይ ከወጣ ግን ሙሉውን መጣል ነው።

ከመብላትዎ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ከፍሪጅ ያውጡት። ቀዝቃዛ ስብ ጣዕም አይለቅም። ከመደብሩ የቀመሱትና ማታ ከፍሪጅ አውጥተው ወዲያው የሚበሉት ሌላ ሌላ የሚመስልዎት ስለዚህ ነው። እንዳይደርቅ ወረቀቱን ሸፈን አድርገው ይተዉት፣ በአንድ ጊዜም የሚበላውን ያህል ብቻ ያውጡ። የፓርሚጃኖ ቅርፊት አይጣል፤ ታጥቦ በምስር ወይም በአትክልት ሾርባ ውስጥ ሲቀቀል መረቁን ያወፍረዋል፣ ሲበስልም ይወጣል።

በመጠቅለያው ወረቀት ላይ ሻጩ የቺዙን ስም ይጽፋል። ያንን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ስሞቹ ቶሎ ይረሳሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመለሱም ለሻጩ ያሳዩትና የሆነውን ይንገሩት። «ካይርፊሊው ደስ ብሎን ነበር፤ ልጆቹ ግን መካከሉን በልተው ቅርፊቱ አጠገብ ያለውን ተዉት» ብትሉት፣ ቀጥሎ የትኛውን ቆርጦ እንደሚያቀምስዎ ከዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ያውቃል።